ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ

ሽርሽር ማለት አንድ ሰው የሚጠይቀው በሽተኛ፣ የሚደርስበት ለቅሶ፣ የሚያስከፍለው ዕዳ ወይም የሚገዛው ዕቃ ሳይኖር በገዛ ፈቃዱና በገዛ እግሩ ከቤቱ ወጥቶ፣ ደክሞት ወደዚያው ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ነው። ይህ ፍቺ ለከተማ ሰው ግልጽ ቢሆንም ለባላገር ሲነገር ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በአገሩ ልማድ በማለዳ ዳገት የሚወጣ ሰው ወይ በግ ጠፍቶበታል፣ ወይ ስእለት አለበት፣ ወይም ከሰው ተጣልቶ ልቡ እስኪበርድ ይዞራል፤ ከሦስቱ በአንዱ የማይመደብ መንገደኛ ሲያጋጥም «ደኅና ነህ?» የሚለው ቃል ሰላምታነቱ ይቀርና ምርመራ ይሆናል። የአዲስ አበባ ልጆች ይህንኑ ጉዳይ የለሽ መንገድ አጭር ሲሆን «ወክ»፣ ረዘም ብሎ ዳገት ሲኖረው ደግሞ «ሀይኪንግ» ይሉታል፤ ሁለቱን የሚለያቸው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን የጫማው ዋጋ ነው የሚሉ ታዛቢዎችም አልጠፉም።

ይህን ልማድ ለማጥናት ከምኒልክ አደባባይ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚገኘው በዚህ የአራዳ እምብርት ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው፣ ከዓድዋ ድል በኋላ ከታነጸው ባለ ስምንት ማዕዘን የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በስተጀርባ፣ ጠዋት ሰማያዊ፣ ቀትር ላይ አረንጓዴ፣ ክረምት ደግሞ ጭራሹን የሌለ የሚመስለውን የእንጦጦን ጋራ ያያል። ጋራው 3,000 ሜትርን አልፎ ወደ 3,200 የሚጠጋ ሲሆን ከአደባባዩ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከዚህ ቅርበቱ የተነሣ አራዳ ላይ ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ ጋራውን በዓይኑ ስንት ጊዜ ወጥቶታል፤ በእግሩ ለመውጣት ግን እሑድን ይጠብቃል።

እሑድም ይመጣል፤ ቀጠሮውም በሐውልቱ ሥር ይያዛል። በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ንጉሠ ነገሥቱን በፈረስ ላይ እንዳሉ የሚያሳይ ሲሆን፣ ፈረሱ ሁለቱን የፊት እግሮቹን አንሥቶ ለግስጋሴ ከተዘጋጀ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከሥፍራው አንሥቶት ከነፃነት በኋላ እስኪመለስ ድረስ ካደረገው ያለ ፈቃዱ ጉዞ በቀር ፈረሱ አንዲት እርምጃ አልተራመደም። በሥሩ የሚሰበሰበው የሽርሽር ማኅበርተኛም እግሩን በማንሣት ረገድ ከእሱ አያንስም። ለጠዋቱ 12 ሰዓት የተባለው ቀጠሮ አንዱን በሰዓቱ፣ ሁለተኛውን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያመጣል፤ ሦስተኛው በስልክ «ደርሻለሁ» ይላል፤ ይህም በአዲስ አበባ አነጋገር ከአልጋ ለመውረድ አስቤያለሁ ማለት ነው። በዚህ መካከል አንዱ «እስኪመጣ አንድ ማኪያቶ እንበል» የሚል ሐሳብ ያቀርባል፤ እስካሁንም ተቃውሞ የገጠመው ሐሳብ አይደለም። በአደባባዩ ዙሪያ ያለችው ፒያሳ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በሚታወቀው በቶሞካ ቡና ቤት ቡናን ቆሞ የመጠጣት ልማድ ያላት ሠፈር ናትና፣ ቆሞ የሚጠጣ ሰው ለመንገድ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ቆሞም ማውራት ይቻላል። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ጉዞው ለሚቀጥለው እሑድ ይተላለፋል። «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» የሚለው ተረት ብዙ አስቦ ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ለሚመሽበት ሰው የተነገረ ቢሆንም፣ ተናጋሪው ፒያሳን አይቶ የሄደ ነው የሚያሰኘው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ስንፍና ለመኮነን የሚቸኩል ሰው አስቀድሞ ታሪክን ቢመለከት መልካም ነው። ምኒልክ ከተማቸውን የቆረቆሩት በእንጦጦ ጋራ ላይ ነበር፤ ሥፍራው ለመከላከልና ለመቃኘት የተመቸ ቢሆንም ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ነፋሱ ድንኳን የሚነቅል፣ ማገዶው በየዓመቱ የሚርቅ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል ወደ ፍልውሃ፣ ማለትም ከመሬት እየፈላ ወደሚወጣው ሙቅ ውሃ ወርደው ሥፍራውን ስለ ወደዱት በዚያ ቤት እንዲሠራ ሆነ፤ ለአዲሱ ሠፈርም አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡለት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም.፣ የምኒልክ ሥርዓተ ንግሥ የተፈጸመው ግን ወደ ላይ ተመልሶ በእንጦጦ ማርያም ነው። ለክብር መውጣት፣ ለኑሮ መውረድ የከተማዋ ሥርዓት ሆኖ የጸናው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይመስላል። አዲስ አበባ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከአቀበት ወደ ቁልቁለት በመውረድ የተመሠረተች ከተማ ናትና፣ ነዋሪዋ እሑድ ጠዋት ዳገት መውጣት ቢከብደው የመሥራቾቹን ፈለግ ስለ መከተሉ ሊከራከር ይችላል።

ከብዙ እሑድ በአንዱ ማኅበርተኛው በእርግጥ ይነሣል። ጋራ ሊወጣ የተነሣው ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ነገር ቁልቁለት ነው፤ መንገዱ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርድና የወረደውን ያህል ወደ አፍንጮ በር ያስወጣል። «በር» በመልክዐ ምድር ስያሜ ሲገባ የቤት መዝጊያ ሳይሆን በከፍታዎች ወይም በገደል መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ በዚህ በር የሚያልፍ ሰውም ትንፋሹን ለመጀመሪያ ጊዜ መቁጠር ይጀምራል። ስድስት ኪሎ ሲደርስ ግማሹን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ስሙ ኪሎ ይበል እንጂ ከሰውነቱ ገና አንድም አልቀነሰም። እዚያ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በፋሽስቶች እጅ ላለቁት የከተማዋ ሰዎች መታሰቢያ ነው፤ በዚህ ሥፍራ ወሬው ለጥቂት ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ቀልደኛውም ዝም ይላል።

ስድስት ኪሎ ካለው ዩኒቨርሲቲ በላይ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፎ ሽሮ ሜዳ ይመጣል። ሽሮ ሜዳ ስሟን ብቻ ሰምቶ ለመጣ ሰው ሁለት ቅሬታ አላት፤ ሽሮው አይታይም፣ ሜዳውም ዳገት ነው። የምትታወቀው በአገር ባህል ልብስ ሲሆን፣ በአካባቢው ከሰፈሩት የዶርዜ ሸማኔዎች እጅ የሚወጣው ነጠላና ቀሚስ በየሱቁ ደጃፍ ተንጠልጥሎ መንገደኛውን በጥበቡ ይጎትተዋል። ከተጓዦቹ አንዱ ለእኅቱ ሠርግ የሚሆን ነገር ዋጋ ሲጠይቅ፣ ሲያስቀንስና ሳይገዛ ሲመለስ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ፈተናው በዚህ አያበቃም፤ ወያላ የሚባለው፣ ተሳፋሪ የሚጠራና ሒሳብ የሚሰበስብ የሚኒባስ ታክሲ ረዳት፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እንጦጦ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ በአጠገባቸው ያልፋል። ታክሲው ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ የሚይዝ ቦታ መኖሩ ከውጭ ይታያል፤ የጓደኝነት ጽናት የሚለካውም በዚህች ቅጽበት ነው።

ከሽሮ ሜዳ በላይ አቀበቱ ወሬ መቁረጥ ይጀምራል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የአገሪቱ ሯጮች ማለዳ ማለዳ እንጦጦ ላይ የሚለማመዱት ደማቸው በዚህ ስስ አየር ኦክስጅን መሸከምን እንዲለምድ ነው። በተንሸራሻሪው ላይ ግን ከፍታው የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ አፍንጮ በር ላይ የዓለምን ፖለቲካ ያቃና የነበረው ሰው ቁስቋም አካባቢ ወደ እግር ኳስ ይወርዳል፣ ከዚያ በላይ የሚናገረው በአንድ ቃል ነው፣ ጫካው ዳር ሲደርስ በእጁ ብቻ ይጠቁማል። ዳገት ሥር ደርሶ ለበቅሎ ገብስ መስጠት እንደማይረባ አባቶች ቢያስጠነቅቁም፣ ከቦርሳው ዳቦ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ቅጽበት አንድ ቀጭን ሯጭ ምንም ያልደከመው መስሎ ሽቅብ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ ተንሸራሻሪው የጫማውን ማሰሪያ ለማጥበቅ ጎንበስ ይላል፤ ማሰሪያው ግን አልላላም ነበር።

ጫካው የባሕር ዛፍ ጫካ ነው። ስሙ እንደሚናገረው ዛፉ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ የትውልድ አገሩም አውስትራሊያ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ የጥዱና የወይራው ጫካ ለቤትና ለምድጃ ተጨፍጭፎ ባለቀበት ጊዜ ነው። የማገዶው ችግር ከመበርታቱ የተነሣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ እንደ ነበር ይታወቃል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚያድገውና ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ይህ እንግዳ ዛፍ ግን አዲስ አበባን ባለችበት አጸናት። ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለውን ዓይነት ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅጠል እንዳለው ያስተውላል፤ ለጋው ቅጠል ክብ፣ ሰማያዊ መሳይና ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ሆኖ ግንዱን በጥንድ በጥንድ ሲያቅፍ፣ የጎለመሰው ደግሞ እንደ ማጭድ ቀጥኖና ጎብጦ ወደ ታች ይንጠለጠላል። በመዳፍ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ጉንፋን ይዞት በእናቱ ትእዛዝ በነጠላ ተከናንቦ የታጠነን ሰው ሁሉ ልጅነት ይቀሰቅሳል። ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፣ በሥሩም ሌላ ተክል አያስጠጋም የሚል ክስ በየጊዜው ይቀርብበታል፤ ከሳሾቹ የሚሰበሰቡበት ቤት ማገርና ወራጅ ከምን እንደተሠራ ግን አይጠየቅም።

በዚህ ጫካ ውስጥ ተንሸራሻሪው ብቻውን አይደለም። ሌሊት ወጥተው ቅጠልና ጭራሮ የለቀሙ ሴቶች እሱ ሲወጣ እነሱ ይወርዳሉ። ሸክሙ በገመድ ተጠፍሮ ከጀርባቸው ይታሰራል፤ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፣ ወርዱም የመንገዱን ያህል ስለሚሆን ከኋላ ለሚያይ ሰው ሴትዮዋ አትታይም፤ የሚታየው ሁለት የፕላስቲክ ጫማ ያደረገ ቁጥቋጦ ነው። የቅርንጫፎቹ ጫፍ አስፋልቱን እየጠረገ ሲያልፍ ከእግራቸው ኮቴ በፊት የሚሰማው የቅጠሉ ሹክሹክታ ነው። በመንገዱ ዳር እስከ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ ሲያገኙ ሸክሙን ሳይፈቱ ወደ ኋላ ተደግፈው ያርፋሉ፤ ከተቀመጡ መነሣቱ ከባድ ነውና። ጥያቄው የሚመጣው በዚህ እረፍት ላይ ነው።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ምንም አልጠፋብኝም እማማ፤ እንዲሁ ለመንሸራሸር ነው።»

«ታዲያ እስከዚህ ከመጣህ አይቀር ባዶ እጅህን ልትመለስ ነው?»

ይህ ጥያቄ በዓለም ታሪክ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ እ.ኤ.አ. በ1336 በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን የቫንቱ ተራራ ከላይ ሆኖ ለማየት ብቻ እንደወጣ በጻፈው ደብዳቤ የታወቀ ሲሆን፣ ተራራ ለትእይንት ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጋር ይቆጠራል። እሱንም በመንገድ ያገኘው አንድ ሽማግሌ እረኛ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት በወጣትነቱ እዚያው ወጥቶ ከድካምና ከተቀደደ ልብስ በቀር ያተረፈው እንደሌለ ነግሮ ሊመልሰው ሞክሮ ነበር። የቫንቱ እረኛና የእንጦጦ እናት ወደ ሰባት መቶ በሚጠጉ ዓመታትና በአንድ ባሕር ቢለያዩም በነገሩ ይስማማሉ፤ ተራራ ለሚኖርበት ሰው ሥራ ነው፣ ትእይንት የሚሆነው በማግሥቱ ላይሸከመው ለመጣ ሰው ነው። ፔትራርካ አልተመለሰም፤ የአራዳው ልጅም አይመለስም፣ ግን ከዚያ በኋላ ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ይቸግረዋል።

ከጋራው አናት ላይ ከተማዋ በሙሉ ትታያለች፤ ከከተማዋም ወዲያ በስተ ምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ ሰማዩ ጠርቶ ከዋለም ርቆ ወደ ደቡብ በመጋቢትና በጥቅምት አምስት ምእመናን ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል የሚጎርፉበት የዝቋላ ተራራ ብቅ ይላል። የተራሮቹን ስም በእርግጠኝነት የማይጠራ ተንሸራሻሪ የለም፤ ችግሩ ሁለት ሰዎች አንዱን ተራራ በአንድ ስም አለመጥራታቸው ነው። ክርክሩ የሚበርደው ሁሉም ወደ ሌላ ሥራ፣ ማለትም የየራሱን ቤት ወደ መፈለግ ሲዞር ነው። ከ200 ሜትር በላይ የሆነው የንግድ ባንክ ሕንፃ እንደ ምሰሶ ይያዝና «ከሱ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ትንሽ ወደዚህ» እየተባለ ይታሰሳል። ይህን ሁሉ ደክሞ የወጣ ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ትቶት የመጣውን ጣሪያ ነው። የምኒልክ ሐውልት ግን ቢፈለግ አይገኝም፤ ከዚያ ሆኖ ጋራው በየቀኑ ይታያል፣ ከጋራው ሆኖ እሱ አይታይም።

ጋራው ለዓይን የማይታይ አንድ ሌላ ነገርም አለው፤ የውኃ መለያ ነው። የውኃ መለያ ማለት በሁለት ወገኑ የወደቀው ዝናብ ወደተለያየ ወንዝ የሚሄድበት ጀርባ ነው። በደቡቡ ተዳፋት የወደቀች ጠብታ በቀበና ወይም በአንዱ ጅረት ከተማዋን አቋርጣ፣ በአቃቂ አድርጋ አዋሽን ትቀላቀላለች፤ አዋሽም ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አንድ ክንድ ወደ ሰሜን የወደቀችው እኅቷ ደግሞ በሱሉልታ ሜዳና በሙገር በኩል ዓባይን አግኝታ፣ በሕዳሴው ግድብ ጥቂት አድራ፣ ዕድሏ ከሰመረ እስከ ሜዲትራኒያን ትጓዛለች። በፒያሳ በኩል የምታልፈው የትኛዋ እንደሆነች ሲታሰብ፣ «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» መሆን በሠፈሩ ውኃ ውስጥ ያለ ጠባይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ የዚህ ሁሉ ድካም መልክ ተለውጧል። የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌትና የፈረስ ግልቢያ፣ በዛፎቹ መካከልም ካፌዎች አሉት፤ ማኪያቶውን ፒያሳ ላይ ጨክኖ ትቶ የወጣ ሰው ከላይ ሆኖ ሲጠብቀው ያገኘዋል። ፀጥታ የሚሻ ደግሞ በስተ ምዕራብ 705 ሄክታር ላይ በተንጣለለው በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አገር በቀሉን ኮሶና ጥድ ያያል፤ ቀኑን ሙሉ ያለው ሰው በወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ይሄዳል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚነገርለት ይህ ደን ጉሬዛዎቹን እንደያዘ አለ። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በደን ውስጥ ቀስ ብሎ መዘዋወርን «ሺንሪን ዮኩ»፣ ማለትም በደን መታጠብ ብለው ለጤና ይመክሩታል። ጣይቱ ለመታጠብ ከጋራው ወረዱ፤ የልጅ ልጆቻቸው ለመታጠብ ወደ ጋራው ይወጣሉ።

የሚቀረው መውረድ ነው። አማርኛ ኃይልንም የእግርን መታጠፊያንም «ጉልበት» ብሎ በአንድ ቃል የጠራው በዚህ መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ አቀበቱ የመጀመሪያውን ጉልበት ይጨርሳል፣ ቁልቁለቱ ሁለተኛውን። እንጨት የተሸከሙት ሴቶች ቀድመው ወርደዋል፤ ጠዋት ያየው ቅጠልም ሽሮ ሜዳ ላይ ተሸጦ ባለቤት ቀይሯል። አመሻሽ ላይ አራዳ የደረሰው ተንሸራሻሪ በአንድ ግቢ ደጃፍ ሲያልፍ ምጣድ ተጥዶ፣ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየተንጣጣ፣ ያ መዳፉ ላይ የቀረው ሽታ ከእንጀራው እንፋሎት ጋር ተደባልቆ ይቀበለዋል። ቀኑን ሙሉ ሊያየው የወጣው ጫካ በየቀኑ በሰው ጀርባ ተጭኖ ደጁ ድረስ ሲመጣለት ኖሯል፤ እማማም ባዶ እጅህን ልትመለስ ነው ወይ ያሉት የሚሉት ነገር ጠፍቶ ሳይሆን ሸክሙ በዝቶባቸው ነበር።

ይህን ካሰበ በኋላ እግሩ ሳይታዘዝ ወደ ተለመደው ቡና ቤት ይገባል። ጓደኞቹ ቀድመው ተቀምጠዋል፣ «ደርሻለሁ» ያለው ሦስተኛውም መጥቷል፤ ገና ማኪያቶው ሳይቀርብ ለሚቀጥለው እሑድ ወጨጫን ለመውጣት በሙሉ ድምፅ ይወሰናል፣ ቀጠሮውም ለጠዋቱ 12 ሰዓት፣ እግሮቹን እንዳነሣ በቆመው ፈረስ ሥር ይያዛል።